ገበሩ የወጣ ኮት

እትዬን የሥራ ባልደረቦቿ «እሺ» ነው የሚሏት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ከመካከላቸው ያለ አይመስለኝም። «እሺ፣ ክሩን አቀብዪኝ።» «እሺ፣ ይሄ ኮት ለነገ ይድረስ።» «እሺ፣ ዛሬ አንቺ ዝጊው፣ እኔ ልጅ ታሞብኛል።» እሷም «እሺ» ትላለች። ሰው በገዛ መልሱ ስም ሲወጣለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደሜ ፈላ። ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ስነሳ እሷው ክንዴን ይዛ «ተያቸው፣ ፍቅራቸው ነው» አለችኝ። ፍቅር! እንዲህ ያለውን ፍቅር ለጠላቴም አልመኝ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሙሉ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ውስጥ ገበር ትሰፋለች። ገና በልጅነቷ ነው የገባችው። ባለቤቱ የእጇን ሥራ አየና «ይቺ ገበር ላይ ትቀመጥ» አለ። ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ተነሺ ያላት የለም። እዚያው ወንበር ላይ እንዳለች አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ፀጉሯ ሸበተ። መቼም ገበር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኮት የሚገዛ ሰው ትከሻውን ያያል፣ ቁልፉን ይነካካል፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ይላል፤ ገበሩን የሚያየው ግን የተተረተረ ዕለት ነው፤ ያኔም ለመሳደብ። ፊቱን የሚሰፉት ወንዶች «የኔ ኮት» እያሉ ነው የሚያወሩት። እሷ «የኔ ገበር» ስትል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው የበጋ ወራት እዚያው ወንበሯ ላይ ሳለች ራሷን ሳተች። ካውያው ከጀርባዋ ይግላል፣ ቆርቆሮው ከአናቷ በላይ ይነዳል፣ እሷ ደግሞ ባለቤቱ «ደንብ ነው» እያለ የሚያስለብሳቸውን ወፍራም ጋዋን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ተሸክመን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ መረመራትና «እናቴ፣ ከእንግዲህ ሙቀት ጠላትዎ ነው። ስስ፣ ሰፋ ያለ፣ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ገላዎ ይተንፍስ» አላት። «እሺ» አለች። ደንቡ አልተለወጠምና በነጋታው ያንኑ ጋዋን ለብሳ ሥራዋ ገባች። እኔ ነኝ በሷ ፈንታ የታመምኩት።

አንድ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ታች ወደብ ከተማ ሥራ አግኝታ ወረደች፣ እዚያው አገባች፣ አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። አንድ ቀን ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሁለታችንም እንሰማለን።

«እማዬ፣ ነይልኝ» አለች። «ግን ስሚኝ። እዚህ ወበቅ ነው። እዚያ የምታውቂው ዓይነት ሙቀት እንዳይመስልሽ። ፎጣ ውሎ አድሮ አይደርቅም። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል። ስስ ስስ የጥጥ ብቻ ያዢ፤ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ የሚደርቅ። ገበር ያለው ነገር እንዳታመጪ! ከታመምሽብኝ ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደ ደጋ መልሺያት ነው የሚሉኝ። ያኔ ብቻዬን መውለዴ ነው።»

ነገሩ እንግዲህ ይሄው ነው። እትዬ በጤና ከሰነበተች ከልጇ ጎን ትሆናለች፤ ሙቀቱ ከጣላት ግን ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። ይሄን ለመረዳት ምን ዓይነት ትምህርት ይጠይቃል?

እትዬም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ሰፋች። ሦስት የጥጥ ቀሚሶች ናቸው፤ ሁለቱ ተራ ነጭ፣ አንዱ አበባ አበባ ያለበት። አንገታቸው ሰፊ፣ እጅጌያቸው ጉርድ፣ ገበር የሚባል ነገር ያልነካቸው። ባለአበባውን ለካችውና ትንሿ መስታወታችን ፊት ቆመች። ቆማም አልቀረች፣ ዞር አለች። እትዬ መስታወት ፊት ዞር ስትል እኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አማረብሽ» ስላት «ተይ እባክሽ» ብላ ቶሎ አወለቀችው።

ቀሚሶቹን አጣጠፈች። ስስ ፎጣ፣ የጥጥ ሻሽ፣ ክፍት ጫማ፣ ለሽፍታ የሚነሰነስ ዱቄት ጨመረች። ሻንጣው ገና ግማሽ ነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት የመንገደኛ ሻንጣ የመንገደኛው ሆኖ አያውቅም፤ ቦታ የተረፈው ከሆነማ አበቃለት።

ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ከነሚስቱ መጣ። ሚስቱ እስከ አገጯ የሚደርስ የልብስ ክምር ታቅፋለች። ጋሼ አልጋው ላይ የተከፈተውን ሻንጣ አየና እጁን ሰደደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ ባለአበባውን ቀሚስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«ቀሚስ ነዋ!» አልኩ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት።»

«ቀሚስ ነው፣ ጋሼ» አለች እትዬ።

«ይሄማ የሌሊት ልብስ ነው! የልጅቷ አማቾች ፊት በዚህ ልትቆሚ? ክንድሽን አራቁተሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይለናል? አንዲት እህታቸውን አልብሰው መላክ አቃታቸው አይሉንም?»

ሚስቱ ክምሩን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት የሱፍ ኮት ከነጉርዳቸው፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ ቀሚስ፣ ጥቁር ካፖርት። ጉድ እኮ ነው! ወገቧ ላይ አልዘጋ ያላትን ሁሉ ሰብስባ ነው ያመጣችው። ይባስ ብሎ ካፖርቱን ገልብጣ ለእትዬ ታሳያታለች። «ገበሩን እዪማ፣ እንዴት ያለ ነው! ሐር እኮ ነው የሚመስለው።» ለማን ነው የምትነግረው? ዕድሜ ልኳን ገበር ላይ ዓይኗን ለጨረሰች ሴት! እትዬ ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችውና «ጥሩ ነው» አለች።

እኔ አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለውን፣ ልጅቷ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«የልጅ ወሬ» አለ ጋሼ። «ሙቀት ማንን ገደለ? እኔ ወደዚያ ስወርድ ሙሉ ልብሴን ግጥም አድርጌ ነው።»

«አንተማ ሆቴል ውስጥ ማራገቢያ ሥር ተጋድመህ ነው የተመለስከው!»

«አንቺ ደግሞ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» አለና ወደ እትዬ ዞረ። «እህቴ፣ የኔን ፊት አታጠቁሪም መቼም። ትለብሺዋለሽ አይደል?»

«እሺ።»

ጋሼ ሦስቱንም ቀሚሶች ከሻንጣው አውጥቶ በሩ ጀርባ ያለው ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ሚስቱ ስትወጣ ባለአበባውን ጫፉን ዳሰስ አድርጋ «ለአቧራ መጥረጊያ አንደኛ ጨርቅ ነው» አለችና ሳቀች። እትዬም አብራ ፈገግ አለች። እንዴት አድርጎ ነው የሠራት ይቺን ሴት?

በሩ እንደተዘጋ ተነሳሁባት። «እትዬ፣ አፍ የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለመቼ ነው የምታስቀምጪው?»

«ተይው እስቲ። ለእሱም ክብሩ ነው።»

«ያንቺ ትንፋሽስ? ልጅሽስ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን የሷን ዝምታ እያየሁ ነቀዝኩ። እንግዲህ እልሁ ቢገድለኝም ቢያንስ እኔ ለጤናዋ ላስብላት ብዬ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ማልዶ ነው የሚነሳው፤ ጋራው ላይ ብርድ አለ፤ መስኮት ከፍቶ የሚሄድ ባለጌም አይጠፋም። በገዛ እጄ የሠራሁትን ወፍራም ሹራብ አመጣሁና ኮቶቹ ላይ ጠቀጠቅኩት። «ደረትሽን ይይዝልሻል» አልኳት። «እሺ» አለች። ዚፑ እንዲዘጋ ሻንጣው ላይ መቀመጥ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ከምድጃው ፊት ለፊት ቆሜ ዳቦ እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ናት፤ እጇ ላይ ምላጭ፣ ወለሉ ላይ የተበጣጠሰ ጥቁር ክር።

«ደግሞ ምንድን ነው የምትተረትሪው?»

«ትንሽ ሥራ አለችኝ።»

«መንገድ ልትሄጂ ተነስተሽም ለሰው ትሠሪያለሽ? ያ ሰውዬስ ትንሽ አያፍርም? እስክትሄጂ ድረስ ደምሽን ሊመጥ ነው?» ብዬ የልብስ ስፌት ቤቱን ባለቤት ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። እትዬ ክሩን እየጠረገች «እሱ ምን አደረገ» አለች። ሁልጊዜም ለሰው ጠበቃ ናት፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

የመንገዱ ቀን አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። እትዬ ያን ጥቁር ካፖርት ለብሳ እስከ አንገቷ ቆልፋ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አያትና «ይኸው፣ አሁን ሰው መሰልሽ» አላት። ሰው መሰልሽ! እስከዛሬ ምን ነበረች? ልጅ አሳድጋ የዳረች፣ እኔን ከእናታችን ሞት በኋላ ያስተማረች ሴት ናት እኮ! ጥርሴን ነከስኩ፤ አደባባይ ላይ አላዋርደውም ብዬ።

«ቢያንስ አንገቱን ክፈቺው» አልኳትና እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ኮሌታዋን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። «ተይ፣ ተይ፣ ይሁን።» ይሄን ያህል ፈርታዋለች ማለት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ተሸካሚው ሻንጣውን ብድግ ሲያደርገው ሊወድቅ ደረሰ፤ ከባድ መስሎት ኖሯል። «እናቴ፣ ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?» አላት እየሳቀ።

«ባዶ ይሁን ሙሉ አንተን ምን አገባህ?» አልኩት። «ድህነታችንን ነው የምትመዝነው? ሥራህን ሥራ!» ሰውዬው ደንግጦ ሻንጣውን ጣሪያው ላይ ወረወረው። እትዬ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልን፤ አውቶቡሱ ወጣ።

ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ምስማሩ ባዶ ነው። ሦስቱም ቀሚሶች የሉም። «ለአቧራ መጥረጊያ አንደኛ ጨርቅ ነው» ያለችው ትዝ አለኝ። ጠዋት እትዬን ለመሸኘት ሲመጡ ሚስቱ ብቻዋን ቤት ውስጥ ቀርታ ነበር፤ የእጅ ቦርሳዋ ደግሞ ጆንያ ነው የሚያክለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ጋሼ ቤት ደረስኩ።

«ቀሚሶቹን አምጪ!»

«የምን ቀሚስ?» አለች ሚስቱ፣ ከማእድ ቤት ብቅ ብላ።

«ወለልሽን የምትወለውዪበትን! የእህቴን ዓይን ያፈሰሰውን! አሮጌሽን ጭነሽባት አዲሷን ልትነጥቂያት?»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?»

የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ከፈትኩት፤ ጨርቆቿን አንድ በአንድ አራገፍኳቸው። ሁሉም የጋሼ አሮጌ ካናቴራ ነው። ጋሼ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። በዚያች ቅጽበት በየዓመቱ ተጠራቅሞ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘረገፍኩት። «እትዬን አንድ ቀን ምን ትፈልጊያለሽ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ? የምትሰጧት ሁሉ ለእናንተ የጠበበ፣ ለእናንተ የደበዘዘ! እሺ ስላለች ደስ ያላት ይመስልሃል?» በሩን ከፈተና «ውጪልኝ» አለኝ። ወጣሁ። እንደዚያ ቀን አፌ ተፈትቶልኝ አያውቅም፤ እንዴት ያለ ንግግር ነበር መሰላችሁ!

ቤት ተመልሼ የቁጣዬን መጥረጊያ አነሳሁ፤ ስናደድ ቤት እጠርጋለሁ። ከስፌት መኪናው ጀርባ ስገባ መጥረጊያው አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ነካ። አፉ በክር ታስሯል። ፈታሁት።

ገበር ነው። የካፖርቱ ጥቁር ገበር፣ የሁለቱ ኮቶች ግራጫ፣ የጉርዶቹ፣ የከፋዩ ቀሚስ ወይን ጠጅ። እጅጌዎቹ ሳይቀሩ ሙሉ በሙሉ ተተርትረው ወጥተዋል፤ የትከሻ ስፖንጆቹም አሉ። እሷ እትዬ ናትና ሁሉንም በካውያ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ነው ያስቀመጠችው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ተሸካሚው ትዝ አለኝ። ለጋሼ ብላ የለበሰችው ካፖርት ትዝ አለኝ፤ ውስጡ ባዶ ነበር! ግን በዚህ ዕድሜዋ ለመተንፈስ ብላ ተደብቃ በምላጭ ትተርትር? ሌባ ናት? የሰው ዕቃ ሰረቀች? እንደ ገና ተነስቼ ጋሼ ቤት ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ እጄን ወደ ከረጢቱ ታች ሰደድኩ። ወፍራም ነገር ነካሁ። ጎትቼ አወጣሁት። የኔ ሹራብ ነው።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ ልጅቷ ናት፤ በሳቅ ቃል አይወጣትም። «አክስቴ፣ ብታያት! ከአውቶቡስ ስትወርድ ካፖርቱን ከፈተችው፤ ከሥሩ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ! አማቴ ከሁሉ አስቀድማ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹እንዲህ ያለ ለእኔም ይሰፋልኝ› አለች። ሌሎቹን ሁለት ቀሚሶች ከሻንጣው አወጣናቸው። ኮቶቹ ደግሞ እንደ ወረቀት ቀለዋል፤ ደህና ናት፣ እንቅልፍ ወስዷት አደረ።»

«እስቲ ስልኩን ስጫት» አልኳት።

«አለሁ» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? አላግዝሽም ነበር?»

«ብነግርሽ ሄደሽ ትጮሂባቸዋለሽ።»

«አልጮህም ነበር!»

«ጋሼ ትናንት ደውሎ ነበር» አለች።

ተያዝኩ፤ ግን አላስቻለኝም። «እሺ፣ የነሱስ ይሁን። ሹራቤ ምን አደረገሽ? እሱ እንኳ ገበር የለው! እኔ ለደረትሽ ብዬ ያሰብኩትን ከነሱ አሮጌ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ትከቺዋለሽ?»

«እህቴ፣ ጋሼም ለክብሬ ብሎ ነው። አንቺም ለደረቴ ብለሽ ነው። ምን ልያዝ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

በቁጣ አይደለም ያለችው። በቁጣ ብትለው በስንት ጣዕሙ፤ እኔ ቁጣን መመለስ አላቅትም። ጋሼ ቤት ያሰማሁት ንግግር በሙሉ ወደ ጆሮዬ ተመለሰ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ለካ እኔን ኖሯል። ምን ልበል? አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ለማንኛውም የባሕር ነፋስ አይታመንም። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወርድ የማውቀው ሹፌር አለ። ሹራቡን እልክልሻለሁ፤ ማታ ማታ ጣል ታደርጊዋለሽ።»

«እምቢ» አለች።

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። የሌላ ሰው መስመር የገባብኝ ነበር የመሰለኝ።

«ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ። አልፈልገውም። ይሞቀኛል።»

ከኋላዋ ልጅቷ ስትስቅ ይሰማኛል።

አያችሁ? ባለቤቱ ዕድሜዋን ሙሉ ሲጋልባት እሺ። ባልደረቦቿ ስሟን ሲቀሟት እሺ። ጋሼ ሲጫናት፣ ሚስቱ ስታሾፍባት እሺ። በሕይወቷ የተናገረቻት የመጀመሪያዋ እምቢ ግን ለእኔ ተቀምጣ ኖራለች፤ ለእኔ፣ ለተቆርቋሪዋ! ስልኩን ዘግቼ እስኪበቃኝ ተንጨረጨርኩ። አሁንም ቢሆን ንዴቴ አልወጣልኝም።

በነጋታው በእልህ ሹራቡን ራሴ ለብሼው ሥራ ገባሁ። ምድጃው ነዷል፣ ዳቦው ይወጣል፣ ሰው ተሰልፏል። ላቡ ከአንገቴ ወርዶ ወገቤ ላይ ደረሰ፤ ሱፉ ይበላኛል፤ ትንፋሽ አጠረኝ። ደንበኛዬ የሆነች ሴትዮ «ምነው ቀላሽ፣ አታወልቂውም?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ረፋድ ላይ አውልቄ ዱቄት ማዳበሪያዎቹ ጀርባ ጣልኩት።